ሕግ አክብሮ የሚወድቅ ኮከብ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ሰከላ ውስጥ ካለው የዓባይ ምንጭ፣ ከግሽ ዓባይ፣ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ምንጩና ስለ አካባቢው አገዎች ከጻፈው ብዙ ነገር መካከል አንዱ ለከዋክብት ወዳጅ የተለየ ጣዕም አለው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲሪየስ የሚባለው ኮከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ሲል፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ ከዚያ 11 ቀን ዘግይቶ፣ የምንጩ ሹም የየጎሣውን አለቆች ሰብስቦ ወልዳ የማታውቅ ጥቁር ጊደር ይሠዋ እንደ ነበር ይተርካል።

ብሩስ ብዙ ያነበበ ሰው ነበር፤ ግሪኮች ስለ ግብፅና ስለዚህ ኮከብ የጻፉትን ያውቃል። ሰከላ ላይ የሰማውን በዚያ ንባብ ዓይን አላየውም ማለት ይከብዳል። ሌላም ጥያቄ አለ። ሲሪየስ ከፀሐይ ጮራ ተላቆ በንጋት የሚታየው በሐምሌ ነው። የሰከላን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ጉምና ደመና ውስጥ ኮከብ ተጠብቆ ጊደር ይታረዳል ሲሉት ፈገግ ይላል፤ 11 ቀን ቢጨመርም ያው ሐምሌ ነው።

የጊደሯ ነገር ቢያጠራጥርም የኮከቡና የውኃው ጉዳይ አያጠራጥርም። የጥንት ግብፃውያን ሲሪየስ ለሳምንታት ተሰውሮ ቆይቶ በምሥራቅ አድማስ ሲታያቸው ዓባይ ሊሞላ መቃረቡን ያውቁ ነበር። ሙላቱ የእነርሱ ዝናብ አልነበረም፤ የጎጃምና የሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ነው። የዓመታቸውን መባቻ ከዚያ ኮከብ መውጣት ጋር አስተሳሰሩት፤ 12 ወር እያንዳንዱን በ30 ቀን ቆጥረው በላዩ 5 ቀን ጨመሩ። ያ አቆጣጠር እስክንድርያ ላይ ተሻሽሎ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ዝናብ የሚወጡት የፍኖተ ሰላም ልጆች የሚቆጥሩት ቀን፣ በሩቁም ቢሆን፣ ከዚህ ኮከብ ጋር ዝምድና አለው።

ሲሪየስ ዛሬም በሌሊቱ ሰማይ ከሁሉ ደምቆ የሚታይ ኮከብ ነው። መራዊ ላይ በጥር፣ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ ሥራ በሚበዛበት ወር፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ከደቡብ አድማስ ወደ 62 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ለንደን ላይ ያለ ሰው ሲሪየስን የሚያየው ከ22 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ፣ በጣሪያዎች መካከል ነው። ብርሃኑ ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ 8.6 ዓመት ይፈጅበታል። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ግን ይህ የሚታየው ኮከብ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው፣ በዓይን የማይታየው ጓደኛው ነው።

ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቤሰል በ1844 ሲሪየስ በሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ እንደማይጓዝ፣ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ እንደሚሄድ አስታወቀ። አንድ የማይታይ ከባድ ነገር እየጎተተው መሆን አለበት አለ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1862 አሜሪካዊው የቴሌስኮፕ ሠሪ አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ የተሠራ ትልቅ ሌንስ ሲፈትሽ፣ ከሲሪየስ ጎን አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ሲሪየስ ቢ ተባለች። ደብዛዛ ስለሆነች የቀዘቀዘች መስላቸው ነበር፤ በ1915 ዋልተር አዳምስ ብርሃኗን ሲተነትን ግን ነጭና እጅግ የጋለች ሆና ተገኘች። ይህን ያህል ግላ ደብዛዛ የምትሆነው ትንሽ ከሆነች ብቻ ነው።

ምን ያህል ትንሽ? መጠነ ቁሷ ከፀሐይ ጥቂት ይበልጣል፤ ስፋቷ ከመሬት ያንሳል። ከሲሪየስ ቢ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢቆረጥ፣ ቡሬ ገበያ ላይ በሚዛኑ ማዶ 24 ኩንታል በቆሎ መጫን ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉት ኮከቦች ነጭ ድንክ ይባላሉ። ከከዋክብት እጅግ የሚበዙት፣ ፀሐይ ራሷም፣ መጨረሻቸው ነጭ ድንክ መሆን ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የተጨመቀ ነገር ለምን ጨርሶ አይሰጥምም?

ተራ ኮከብ ለመቆም ይደክማል። ፀሐይ በየሰከንዱ ወደ 600 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች፤ ስበት ሁሉን ወደ መሐል ሲጎትት፣ ከዚያ ማገዶ የሚወጣው ሙቀት ወደ ውጭ ይገፋል። ግፊያው እኩል እስከሆነ ድረስ ኮከቡ ቅርጹን ይዞ ይኖራል። ነጭ ድንክ ግን ማገዶው ያለቀ ኮከብ ነው። ያለው ሙቀት የቀድሞ ትራፊ ነው፤ እርሱም በየዘመኑ እየወጣ ያልቃል። በ1920ዎቹ የከዋክብት ሳይንስ አባት ተደርጎ ይታይ የነበረው እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በዚህ ተጨነቀ። ኮከቡ ሲቀዘቅዝ ወደ ተራ ድንጋይና ጋዝ እንዲመለስ መስፋት ይኖርበታል፤ ለመስፋት ስበትን የሚያሸንፍ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ግን በቅዝቃዜው ጠፍቷል። መቀዝቀዝ እያለበት መቀዝቀዝ የማይችል ኮከብ!

መልሱ ከሰማይ አልመጣም፤ ከአቶም ውስጥ መጣ። በ1925 ቮልፍጋንግ ፓውሊ አንድ መርህ አወጣ፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት የሆነ ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም። አንዱ የያዘውን ሌላው አይይዘውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቨርነር ሃይዘንበርግ ሌላ ጨመረ፤ ኤሌክትሮን በጠበበ ስፍራ በታጠረ መጠን ሩጫው እየበረታ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናስብ የነጭ ድንክ ውስጥ ይገለጣል። ስበት ኤሌክትሮኖችን ያጨናንቃቸዋል። ዝቅተኛውን፣ ዝግተኛውን ሁኔታ ቀድመው የደረሱት ይዘውታል፤ የቀሩት ወደ ፈጣኑ፣ ከዚያም ወደ ይበልጥ ፈጣኑ ለመሄድ ይገደዳሉ። ይህ ሁሉ ሩጫ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት ይሆናል። ኮከቡ እስከ መጨረሻው የቅዝቃዜ ደረጃ፣ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ቢወርድ እንኳ ሩጫው አይቆምም፤ የመጣው ከሙቀት አይደለምና። ራልፍ ፋውለር የተባለ የካምብሪጅ ሊቅ በ1926 ይህን ሒሳብ በነጭ ድንክ ላይ አውሎ የኤዲንግተንን ጭንቀት ፈታው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የምናውቀው መቆም ሁሉ ወጪ አለው። ዛፍ ይቆማል፣ ሥሩ ውኃ ይስባል፤ ፀሐይ ትቆማለች፣ ታቃጥላለች። ነጭ ድንክ ግን ያለ አንዳች ወጪ ይቆማል። ቢሊዮን ዓመት ቢቆም የሚከፍለው የለም፤ የሚይዘው ሥራው ሳይሆን የቁስ ባሕርይ ነው። ነገሩ በሩቅ ኮከብ ብቻ የሚሆንም አይደለም። ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ በ1967 በሒሳብ እንዳረጋገጡት፣ የፓውሊ መርህ ባይኖር ተራው ቁስ ራሱ ወደ ውስጥ በሰጠመ ነበር። የመራዊ ሰው የሚረግጠው ጥቁር ድንጋይ ተሸክሞት የሚውለው፣ ከሲሪየስ ቢ ጋር በሚጋሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ከፋውለር ሒሳብ የሚወጣ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ነጭ ድንክ በጨመረ ቁጥር ያንሳል። መጠነ ቁሱ ስምንት እጥፍ ቢሆን ወርዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የበዛው ስበት ይበልጥ ይጨምቀዋልና። በ2021 ይፋ የሆነውና ዜድቲኤፍ ጄ1901+1458 የሚል ስም የተሰጠው ነጭ ድንክ 1.35 ፀሐይ ያህል መጠነ ቁስ ይዞ ከጨረቃ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሀብት ሲጨምር ሰውነት የሚከሳበት ዓለም ነው። ያም ሆኖ በፋውለር ሒሳብ ምንም ያህል ከባድ ኮከብ የሚያርፍበት ስፍራ አያጣም ነበር፤ ይበልጥ ይጨመቃል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ ይሮጣሉ፣ ሚዛኑ ይገኛል። ገደብ የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም።

ገደቡን በሚገባ ካዩት ሰዎች አንዱ በመርከብ ላይ የነበረ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ሱብራማንያን ቻንድራሴካር በ1910 ላሆር ላይ ተወልዶ ማድራስ የተማረ ሕንዳዊ ነበር። ጁላይ 31 ቀን 1930 ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ ፋውለር ዘንድ ለመማር ወደ ካምብሪጅ አቀና። መርከቢቱ ቀይ ባሕርን አቋርጣ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ቬኒስ ሄደች። ወሩ ነሐሴ መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን የጎጃምን አፈር ያዘለው የዓባይ ጎርፍ፣ የአስዋን ታላቅ ግድብ ገና ስላልተሠራ፣ ሳይገታ ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ኖቬምበር 2 ቀን ለሚሆነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል እየተሰናዳች ነበር። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኋላ ላይ ስንትና ስንት ትውልድ ፊዚክስን ከሕንዳውያን መምህራን መማሩን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ ወጣት ፈጽሞ ባይተዋር አይሆንበትም።

ቻንድራሴካር በመርከቢቱ ላይ ያስተዋለው ይህን ነው። በከባድ ነጭ ድንክ መሐል ያሉት ኤሌክትሮኖች ፍጥነታቸው የብርሃንን ፍጥነት ግማሽ ያልፋል። ይህን ያህል ለሚሮጥ ነገር ደግሞ የፋውለር ቀመር አይበቃም፤ አይንስታይን በ1905 ያወጣው የአንጻራዊነት ሕግ መግባት አለበት። ከብርሃን የሚቀድም የለም። እስካሁን ኮከቡን ያዳነው፣ በተጨነቀ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ መሮጣቸው ነበር። አሁን ግን ሩጫው ጣሪያ ነካ። ጉልበታቸው ይጨምራል፣ ፍጥነታቸው ግን አይጨምርም፤ ግፊቱ በቀድሞው ልክ አያድግም።

ውጤቱ ከባድ ነው። ቀድሞ ኮከቡ ሲጨመቅ ግፊቱ ከስበት ፈጥኖ ያድግ ስለነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ይደርስበትና ያቆመው ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲቃረቡ ግን ሁለቱ በእኩል እርምጃ ያድጋሉ። ኮከቡ በግማሽ ቢጨመቅ ግፊቱም ስበቱም በእኩል ይበረታሉ፤ በዐሥረኛ ቢጨመቅም እንዲሁ። መጨመቅ የሚያተርፈው ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ ዕጣውን የሚወስነው ስፋቱ አይደለም፤ ምን ያህል ቁስ አለው የሚለው ብቻ ነው። ከአንድ መጠን በታች ከሆነ ይቆማል፤ በላይ ከሆነ የሚቆምበት ስፍራ የለም።

በ1931 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ቻንድራሴካር ያን መጠን 0.91 ፀሐይ አደረገው። ስለ ኮከቡ ቁስ የነበረው ግምት ሲስተካከል ቁጥሩ ወደ 1.44 ከፍ አለ፤ ዛሬ የቻንድራሴካር ገደብ የሚባለው ይህ ነው። የታሪክ ፍርድ እዚህ ላይ ትንሽ ያዳላል። የታርቱው ቪልሄልም አንደርሰንና የሊድሱ ኤድመንድ ስቶነር በ1929 እና በ1930 ተመሳሳይ ገደብ አግኝተው ነበር፤ ሶቪየታዊው ሌቭ ላንዳውም በ1932 በራሱ መንገድ ደርሶበታል። የቻንድራሴካር ብልጫ ኮከቡን ከመሐሉ እስከ ዳሩ በሙሉ ሒሳብ መከተሉና ነገሩን ለዓመታት አለመልቀቁ ነው።

የገደቡ ቀመር ሲገለጥ የሚያስደንቀው በውስጡ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር አለ፤ እርሱ የኳንተም ዓለም ፊርማ ነው። የብርሃን ፍጥነት አለ፤ የስበት ቋሚ ቁጥር አለ፤ የፕሮቶን መጠነ ቁስ አለ። ለአንድ ኤሌክትሮን ስንት ፕሮቶንና ኒውትሮን ይደርሰዋል የሚል ተራ ክፍፍል ይጨመርበታል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ኮከቡ የት እንዳለ፣ ስንት ዘመን እንደኖረ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ አይጠየቅም። ግፊቱን የሚሰጠው የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ እንኳ የለበትም፤ እርሱ የኮከቡን ስፋት ይወስናል እንጂ ገደቡን አይነካም። በዓይን ከማይታዩት ሁሉ ያነሱ ነገሮች የሚለኩባቸው ቁጥሮች አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ከ1 ቀጥሎ 57 ዜሮዎች የሚጻፉለት የፕሮቶኖች ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር ደግሞ የአንድ ኮከብ ልክ ነው። ከዋክብት ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆኑ ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ስበት ከሌሎቹ ኃይሎች አንጻር እጅግ ደካማ ስለሆነ ለማሸነፍ ብዙ መሰብሰብ ነበረበት።

ኤዲንግተን ይህን አልተቀበለም። ጃንዋሪ 11 ቀን 1935 በለንደን በሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲ ስብሰባ ቻንድራሴካር ሥራውን ካቀረበ በኋላ ተነሥቶ፣ ኮከብ እንዲህ ያለ ቂልነት ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ ሊኖር ይገባል አለ። ስብሰባው ሳቀ። ወጣቱ የሚደግፈው ድምፅ በአደባባይ አላገኘም፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ አሜሪካ ሄዶ ሌላ መስክ ያዘ። የኖቤል ሽልማቱ በ1983 መጣ፤ ያን ጊዜ 73ኛ ዓመቱን ይዟል።

የኤዲንግተንን ንግግር እንደ ስሕተት ብቻ ማንበብ ቀላል ነው። ነገር ግን በውስጡ እጅግ ጥንታዊ የሆነ አሳብ አለ፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ደግሞ ያን አሳብ አሳምረው ያውቁታል። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ (በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው ያው ብሩስ ነው) ስለ ሰማይ ብርሃናት በሰፊው ይናገራል። እያንዳንዱ በተወሰነለት ጊዜ ይወጣል፣ በተወሰነለት ይገባል፤ ሥርዓቱን አይተላለፍም። የተላለፉ ግን ነበሩ። በጊዜያቸው ስላልወጡ ሰባት ከዋክብት እንደሚነዱ ታላላቅ ተራሮች ሆነው በግዞት ታስረው ሄኖክ አየ። በዚህ እይታ ሕግ ማለት ትእዛዝ ነው። ኮከብ የሚወድቀው ትእዛዝ ሲያፈርስ ነው፤ ያልወደቀ ኮከብ የታዘዘ ኮከብ ነው።

ኤዲንግተንም በሌላ ቋንቋ ያለው ከዚህ አይርቅም። አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ቢኖር ኮከቡ ይድን ነበር ብሎ አሰበ። ቻንድራሴካር ያሳየው ግን ከሁለቱም የሚለይ ነገር ነው። ከገደቡ ያለፈው ኮከብ አንዳች ሕግ አላፈረሰም። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ፓውሊን አክብሯል፤ የሌላውን ስፍራ አልወሰደም። እያንዳንዱ አይንስታይንን አክብሯል፤ ብርሃንን አልቀደመም። ስበትም የድርሻውን ጎተተ። ሁሉ ታዘዘ፤ የታዛዦቹ ድምር ውድቀት ሆነ። እንዲያውም ኮከቡን ሊያድነው የሚችለው አንድ አመጸኛ ነበር፤ ከብርሃን የሚፈጥን ኤሌክትሮን።

ስለዚህ ይህን ገደብ እንደ ክልከላ ማሰብ ያሳስታል። ክልከላ የሚያልፈውን ይቀጣል፣ ወይም እንዳያልፍ ይመልሳል። ሁለት ፀሐይ የሚያህል ቁስ አንድ ላይ እንዳይከማች የሚከለክል ማንም የለም። ከተከማቸ ግን፣ እንዴት ይቆማል? ለሚለው ሒሳቡ መልስ አያወጣም። በተከለከለ ነገርና መልስ በሌለው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ፈራጅ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አይፈልግም። የጉባኤ ቤት ሰው እዚህ ላይ፣ ሕጎቹንስ እንዲህ አድርጎ ያገናኛቸው ማን ነው? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ደርዝ አለው። ቀመሩ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም፤ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ይጀምራል።

አብዛኞቹ ኮከቦች ከዚህ ፈተና የሚያመልጡበት መንገድ ራሱ ይገርማል፤ ያላቸውን በመጣል ነው። ሲሪየስ ቢ ስትወለድ ወደ 5 ፀሐይ የሚጠጋ መጠነ ቁስ እንደነበራት ይሰላል፤ ዛሬ የቀራት አንድ ብቻ ነው። በእርጅናዋ አብጣ ቀይ ግዙፍ ሆና ሳለ የቀረውን በነፋስ መልክ ወደ ጠፈር ለቀቀችው። ሲወለዱ እስከ 8 ፀሐይ ገደማ የሚመዝኑ ኮከቦች እንዲህ እየጣሉ ከ1.44 በታች ወርደው ያርፋሉ። ከዚያ የበለጡት አይሆንላቸውም። መሐላቸው ላይ የሚከማቸው ብረት ያንኑ የኤሌክትሮን ግፊት ተደግፎ ይቆይና፣ ገደቡን ሲያልፍ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሰጥማል፤ የኒውትሮን ኮከብ ወይም ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል።

ከጣለ በኋላ መልሶ የሚያገኝ ነጭ ድንክም አለ። አጠገቡ ሌላ ኮከብ በጣም ከቀረበ፣ ቁሱ እየተሳበ በነጭ ድንኩ ላይ ይፈስሳል። ይህ ፍሰት የሚከተለው መንገድ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው፤ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪን የመሩት ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን በላይ ተሰማ ከስዊድናዊው ኡልፍ ቶርከልሰን ጋር በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ መግነጢስ ባላቸው ኮከቦች ዙሪያ እንዲህ ያለው ቁስ ስለሚሠራው ስስ ዝርግ ሽክርክሪት ነው። የነጭ ድንኩ መጠነ ቁስ ወደ ገደቡ ሲቃረብ መሐሉ ላይ ያለው ካርቦን ይቀጣጠላል። ተራ ኮከብ ሲግል ሰፍቶ ይበርዳል፤ ነጭ ድንክ ግን ግፊቱ ሙቀትን ስለማያውቅ አይሰፋም። ያለ ማገዶ ያቆመው ያው ባሕርይ አሁን እሳቱን የሚገታበትን ልጓም ነሣው። ቃጠሎው በሰከንዶች ውስጥ ኮከቡን በሙሉ ይበታትነዋል።

በ1006 የታየው ሱፐርኖቫ፣ በሰው ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የደመቀው፣ እንዲህ ያለ የነጭ ድንክ ፍንዳታ ነበር። ቻይናውያንና ጃፓኖች ጽፈውታል፤ ግብፃዊው ሐኪም ዓሊ ኢብን ሪድዋንም ከዝሁራ ደምቆ እንዳየው መስክሯል። ወደ ደቡብ ያዘነበለ ስለነበር በጎጃም ሰማይ ከካይሮ ይልቅ እጅግ ከፍ ብሎ ያበራ ነበር። ፍንዳታው ከፀሐይ ግማሽ የሚበልጥ ኒኬል ይፈጥራል፤ ኒኬሉ በቀናት ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱ በወራት ወደ ብረት ይለወጣል። በዩኒቨርስ ካለው ብረት ከግማሽ የማያንሰው በዚህ መንገድ እንደተገኘ ይገመታል። የሜጫ ወረዳ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ዝገት ነው። የማረሻውም ብረት ሆነ የሚያርሰው ቀይ አፈር፣ ከምድር መፈጠር በፊት ገደባቸው ላይ ደርሰው ከፈነዱ ድንኮች የመጣ ድርሻ አለበት። ለምነቱ ሲወራ ስለ ዝናቡና ስለ ኮትቻው ይነገራል፤ ስለዚህ ግን ማንም አያነሣም፣ ማንሣትም አይጠበቅበትም።

ቁጥሩን ግን እንደ ሐውልት ማየት አይገባም። 1.44 የሚገኘው ኮከቡ የማይሽከረከር፣ ንጹሕና ቀላል ተደርጎ ሲታሰብ ነው። የአይንስታይን የስበት ሕግና ኤሌክትሮን በአቶም አስኳል የመዋጡ ነገር ሲጨመሩ ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል፤ ፈጣን ሽክርክሪት ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። በ2003 የታየ አንድ ሱፐርኖቫ ከብርሃኑ ተነሥቶ ሲሰላ 2 ፀሐይ የሚያህል ነጭ ድንክ የፈነዳበት መሰለ፤ ክርክሩ አሁንም አላበቃም። በ1998 ሁለት የጥናት ቡድኖች የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ መሆኑን ያወቁት እነዚህ ፍንዳታዎች ድምቀታቸው ተቀራራቢ መሆኑን ተማምነው ስለነበር፣ ክርክሩ ለባለሙያዎቹ የቅንጦት አይደለም። ሶል ፐርልሙተር፣ ብሪያን ሽሚትና አዳም ሪስ በዚያ ግኝት በ2011 ኖቤል ተሸልመዋል።

አንዳንዶቹ ድንኮች ደግሞ ገደቡ ላይ የሚደርሱት ጥንድ ሆነው ነው። በ2025 የዎርዊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 160 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው የሚገኙ፣ በ14 ሰዓት አንድ ጊዜ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ነጭ ድንኮችን አሳወቁ። ለየብቻቸው ሁለቱም ከገደቡ በታች በሰላም የሚያርፉ ናቸው፤ ሲደመሩ 1.56 ፀሐይ ይሆናሉ። እየዞሩ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። ሰማያቸው በእንጦጦም ሆነ በመራዊ ከሰሜን በኩል ከፍ ብሎ የሚወጣ ነው፤ በባዶ ዓይን ግን አይታዩም፣ እንጦጦ ላይ እንዳሉት ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል። እስኪጋጩ 23 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይቀራቸዋል፤ ዩኒቨርስ እስካሁን የኖረው 13.8 ቢሊዮን ነው።